የወንድሜ ደምና የማዕከልዎ ቅርጫ

ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም
ቡሬ ዙሪያ

ለተከበሩ የጤና ምርምር ማዕከላችን ዋና ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባሉበት ሰላምና ጤና አይለይዎ እያልኩ፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ያቀዘቅዛል ተብሎ ሪባን ለተቆረጠለት የማዕከልዎ ዲፕ ፍሪዘር ረጅም ዕድሜና የማይቋረጥ መብራት እመኛለሁ። በደብዳቤ ሥርዓት ቀጥሎ እኔ ደህና ነኝ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን እኔና ጎረቤቶቼ ደህና መሆን አለመሆናችንን እንዲነግሩን ደማችንን በአደራ የሰጠነው ለእርስዎ ስለሆነ፣ እርስዎ ያልነገሩኝን እኔ ቀድሜ ብጽፍ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

የእርስዎንም ሆነ የማዕከሉን ስም አለመጥቀሴን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ስም ብጠራ አንድ ሰው ነው የሚከፋው፤ ስም ሳልጠራ ግን የበላ ሁሉ ራሱን ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

እኔ ሲሳይነሽ ዘሩ ነኝ። ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ፣ አጎበሩ የእህል መሸፈኛ አይደለም እያልኩ ያልረገጥኩት ደጅ የለም፤ የሰፈሩ ውሻ እንኳ አይጮኽብኝም። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን፣ ማዕከልዎ ከቀበሌያችን ደም በፈለገ ጊዜ ለምን እኔን እንደፈለገ አንባቢ እንዲረዳው ነው።

አገራችን የበርበሬ አገር ነው። በርበሬ ካልተረጨ አይሆንም ስለተባለ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ሲረጭ ይከርማል። የሚረጨውንም መርዝ «መድኃኒት» ይለዋል፤ ይህን ስም ማን እንዳወጣለት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሰይፈ የሚባል የማዕከልዎ ወጣት ተመራማሪ መጣና፣ ርጭቱ የረጪውን ገላ ከውስጥ ይጎዳ እንደሆነ በደም ማወቅ ይቻላል አለን። ምርመራው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል ሲል የአድማጩን ፊት አየና፣ ዝገት ማለት ነው ብሎ አስተካከለው። ማረሻ ዝናብ ሲመታው እንደሚዝግ ገላም ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም በደም ውስጥ ምልክት ይተዋል፤ ሳትረጩ በፊት፣ ረጭታችሁ ስትጨርሱ፣ ከዚያም ሦስት ወር ካረፋችሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ደም ብትሰጡን፣ መጨመር አለመጨመሩን እናያለን አለ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ከደሙ ተለይቶ የሚወጣው ሴረም የተባለው ቢጫ ውኃ፣ መመርመሪያው ኬሚካል እስኪመጣ ድረስ ድንጋይ እስኪሆን በርዶ መቀመጥ አለበት፤ ከቀለጠና ከሞቀ በብልቃጡ ውስጥ ራሱ ይዝጋል፤ ያኔ የሰውየው ዝገት የቱ፣ የብልቃጡ ዝገት የቱ እንደሆነ የሚለይ ጥበብ የለም። ይህን ነገር ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች በአንድ ጠዋት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተረድተውታል።

ደም ስጡ ማለት ግን አጎበር ውሰዱ እንደማለት አይቀልም። በዕድሜም በነገር አዋቂነትም የሚከበሩት አያ ቢያድግልኝ፣ ደሜ ከእኔ ወጥቶ የት እንደሚያድር ሳላውቅ አልሰጥም ብለው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። መምሬ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ደም የፈሰሰው ሰው በዚያ ዕለት አይቆርብምና ቀኑ ከቅዳሴ እንዳይጋጭ ብለው፣ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ቀናቱን ለየን። ሰው ሁሉ ሲያመነታ እጀታውን መጀመሪያ የሰበሰበው ታላቅ ወንድሜ ገነነ ነው። ያለችው እህቴ ናት፣ እህቴ ደግሞ አትዋሽም አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከእሱ ኋላ መቶ ሰማንያ አምስት ሰው ተሰለፈ። አያ ቢያድግልኝም በመጨረሻ ክንዳቸውን ሲዘረጉልኝ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው ልጄ፣ የሚያድርበትን ሄደሽ እይልኝ አሉኝ። እኔም የማዕከልዎን ቃል አምኜ፣ ማንም በማይነካው ማቀዝቀዣ ተቆልፎበት ይቀመጣል ብዬ በማርያም ማልኩላቸው።

ገነነ በግንቦትም በጥቅምትም ደሙን ሰጠ፤ በጥር ለሚሰጠው ለሦስተኛው ግን አልደረሰም። በኅዳር ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ እንጀራ መቁረስ አቃተው፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀበርነው። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ አሥራ ሦስት ክረምት ረጭቷል። ሚስቱ እታለም ለቀስተኛው ሳይበተን የጠየቀችኝ፣ ቀኑ ደርሶ ነው ወይስ መድኃኒቱ ነው የገደለው የሚል ነበር። ይህን የጠየቀችው ለሙሾ ማድመቂያ አይደለም። በርበሬው መረጨት አለበት፣ ረጪው ሞቷል፣ ስለዚህ በመጪው ሐምሌ መርጫውን የምታዝለው እሷ ናት። ሰይፈም በጥር ሲመጣ ይህንኑ ብትጠይቀው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልሸነገላትም፤ የአንድ ሰው ደም ለብቻው የሞቱን ምክንያት አይናገርም፣ የሁላችሁም ደም አንድ ላይ ሲታይ ግን መርጨት ገላን ይጎዳ እንደሆነ ይናገራል አላት። እሷም ይህን ይዛ ጠበቀች፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቆያል ብላ አላሰበችም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ቅሬታ የሚለው ቃል ለማዕረግዎ ስለማይመጥን ምስጋና ብዬዋለሁ፤ ለቢሮ ሥራ እንዲመችዎም በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

1ኛ. ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እኔና እታለም በሚኒባስ ተሳፍረን ፍኖተ ሰላም ገባን፤ እኔ የአያ ቢያድግልኝን አደራ ልፈጽም፣ እሷ የባሏን ብልቃጥ በዓይኗ ልታይ። ሰይፈ ኬሚካሉን ለማምጣት አዲስ አበባ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል ተባልን። የዕቃ ክፍል ኃላፊው ወንድምአገኝ ግን እንግዳ አያሳፍርምና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተልን።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በሥራዬ ደም ያጠብኩ፣ የሸተተ ቁስል የፈታሁ ሰው ነኝ፤ በቀላሉ አይቀፈኝም። ያን ቀን ያየሁትን ግን ልዘርዝርልዎ። በመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ ሽንጥና ዳቢት ተደርድሯል። በሁለተኛው ላይ ጨጓራና ሰንበር በፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ ተቀዶ፣ የበሬው ደም ወደ ታች ተንጠባጥቦ እንደገና በርዶ ቀርቷል። የተንጠባጠበው በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የእኛ ሰዎች ሴረም ያለባቸው ሦስት ሳጥኖች ነበሩ። በአንደኛው ሳጥን ክዳን ላይ የበሬ ምላስ ተጋድሟል። ሳጥኖቹ ሰባት እንደነበሩ አውቃለሁና የቀሩት አራቱ የት ናቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ቦታ ስለጠበበ ለበዓሉ ሰሞን ወደ ሻይ ክፍሉ ፍሪጅ መዛወራቸው ተነገረኝ።

ወደ ሻይ ክፍሉም ሄድን። የከተማው መብራት የፋሲካ ማግስት ጠፍቶ የመጣው በረቡዕ ነው፤ ማቀዝቀዣው ጄኔሬተር ስላለው አልጎዳውም፤ ሻይ ክፍሉ ግን ጄኔሬተር የለውም። ሳጥኖቹ ከአይብ ሳህንና ከድልህ ዕቃ ጀርባ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከፍሪጁ የወጣው ሽታ እስከ አሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈትኩ። ቁጥር አንድ የወንድሜ ነው፤ ወንበሩ ላይ ቀድሞ የተቀመጠው እሱ ስለሆነ። ብልቃጡን አንስቼ ዘቀዘቅኩት፤ ቢጫው ውኃ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ወረደ። እታለም ይህን አይታለች። ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሷም በዛፉ ሥር ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። በዚህ መካከል ወንድምአገኝ ከሩቅ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም፣ ትንሽ ሥጋ ቋጥሬ ልስጣችሁ ብሎ ለመነን። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ግብዣውን አለመቀበላችን ከንቀት እንዳይቆጠርብን አደራ።

2ኛ. ቅርጫው የተከፋፈለበትን ሥርዓት ሳላደንቅ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ሁለት በሬ ታርዶ፣ መደቡ እኩል ወጥቶ፣ ዕጣ ተጥሎ፣ እያንዳንዱ ፌስታል የባለቤቱ ስምና የሥራ ድርሻ በማይለቅ ቀለም ተጽፎበታል። የስም ዝርዝሩም በማዕከሉ ማኅተም ተረጋግጦ ከበሩ ውስጥ ተለጥፏል። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው፣ «ለዋና ኃላፊ፣ ከነሻኛው» የሚለው ነበር። የእኛ ሰዎች ብልቃጥ ላይ የነበረው ቁጥር ግን ሞራ ነክቶት ግማሹ ተሟሟ። ስለዚህ በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የትኛው ኩላሊት የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የትኛው ሴረም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቅርጫን የምነቅፍ እንዳልመስልዎ። እኛም በዓል ሲደርስ ተሰባስበን እናርዳለን። በእኛ ሰፈር ግን ሥጋው ቅጠል ላይ ተመድቦ በዚያው ቀን በየቤቱ ይገባል እንጂ፣ የሰው ደም ከተቀመጠበት ዕቃ አይከተትም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ ውስጥ መቀጠር አያስፈልግም፤ ሰው መሆን ይበቃል።

3ኛ. ማዕከልዎ የራሱን ምርምር በማካሄዱ እንኳን ደስ አለዎ። ወንድምአገኝ በየዋህነት እንዳጫወተን፣ በመጀመሪያው ቀን ሥጋው ከዜሮ በታች ሰማንያ ላይ አድሮ ድንጋይ ሆነ፤ ቢላ አልገባበት ስላለ ከዘበኛው ቤት መጥረቢያ መጣ፤ መጥረቢያውም ነጥሮ የአንዱን ባለሙያ ጫማ ሊሰነጥቅ ለጥቂት ሳተ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችሁ አንድ ብልህ ሰው ለቢላ እንዲመች ብሎ ቅዝቃዜውን ከዜሮ በታች ወደ አሥራ አምስት አላላው። ማቀዝቀዣው ሞቀብኝ እያለ መጮኹን ባላቆመ ጊዜም ማንቂያውን ዝም አሰኘው። እንግዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ለእኛ ሰዎች ደም የጮኸው አንድ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አፉን ዘጋችሁት። ሳጥኖቹን የፈተሸ፣ ሰይፈን በስልክ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። የቀሩት ሦስት ሳጥኖችም እንዲህ ሆነው ለሥጋ በሚመች እንጂ ለሴረም በማይበቃ ቅዝቃዜ ሰነበቱ።

4ኛ. በማዕከልዎ ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች መኖራቸውን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በማቀዝቀዣው በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ተለጥፏል። ጠዋት ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ከሰዓት ከዜሮ በታች ሰማንያ እየተባለ በየቀኑ ተፈርሞበታል። በትንሣኤ ዕለት እንኳ ሁለት ጊዜ ተፈርሟል፤ ፈራሚው በዚያ ሰዓት በሬ ሲገፍ እንደነበር ወንድምአገኝ ምስክር ነው። እታለም በጎልማሶች ትምህርት ቁጥር የለየች ናትና ቅጹን በጣቷ እየተከተለች ቆየችና፣ ዛሬ ወሩ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ሰባት ነው አልኳት። ቅጹ እስከ ሠላሳ ተሞልቶ ነበር። በጎጃም ብዙ ባሕታዊ፣ ብዙ አዋቂ አይተናል፤ የማቀዝቀዣን ሙቀት አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ የሚያይ ግን በማዕከልዎ መጀመሪያ አየን።

5ኛ. ይህን ሁሉ በዚያው ሳምንት በዝግ ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። ነገሩ በአደባባይ እንዲሰማ አልፈለግሁም፤ ለሕዝቡም ማዕከሉ ራሱ ቢናገር ይሻላል ብዬ አፌን ይዤ ቆየሁ። መልስዎ ሦስት መስመር ነበር፤ ናሙናዎቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ ቅዝቃዜው ተስተካክሏል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚሉት አባቶቻችን ማዕከልዎን ሳያዩ መሞታቸው ይቆጫል፤ እናንተ የቀለጠውን እንደገና አብርዳችሁ እንዳልቀለጠ አደረጋችሁት። ሰይፈ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ይህ ሴረም ይጣል፣ ከዚህ የሚወጣ ውጤት ውሸት ነው፣ አልፈርምበትም ቢል፣ ከምርምሩ ተነሥቶ የጽሕፈት ዕቃ ቆጣሪ ሆነ። እሱ ያመጣው ኬሚካል ግን ሥራ ላይ ዋለ።

በግንቦት መጨረሻ የማዕከልዎ ሪፖርት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነበበልን። ሳይረጩ በፊት፣ ከረጩ በኋላና ካረፉ በኋላ በተወሰደው ደም መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ስለሆነም ርጭቱ በአርሶ አደሩ ጤና ላይ ያስከተለው ጉዳት የለም ይላል። ልዩነት ከየት ይገኛል? አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ማረሻ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ጥላችሁ፣ በመስከረም ሁለቱም እኩል ዝገው ብታገኟቸው፣ ማረስ ማረሻን አይጎዳም ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ሁሉም እኩል የበሰበሰ ነገር ልዩነት የለውም። እናንተ የለካችሁት የሻይ ክፍላችሁን ፍሪጅ ነው፤ የጻፋችሁት ግን ስለ እኛ ገላ ነው።

ንባቡ እንዳለቀ አያ ቢያድግልኝ ወደ እኔ ዞረው፣ የሚያድርበትን ሄደሽ አየሽልኝ ወይ ልጄ አሉኝ። ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አልተቆጡም። በአደባባይ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እግዜር ይስጥሽ ብለው በትራቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለክትባት ስዞር እናቶች ልጁ ተኝቷል ይሉኛል፤ በሰፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሆኗል።

ግማሹ ሕዝብ እኔን ሲያምን ግማሹ ወረቀቱን አመነ፤ ማኅተም አለውና። መርዝ ሻጮቹ ሪፖርቱን ፎቶ ኮፒ አድርገው ቡሬ ውስጥ በሱቃቸው መስኮት ለጥፈውታል። ሰይፈን ሰምተው አፋቸውን በጨርቅ ማሰር የጀመሩት ገበሬዎች ጨርቁን ፈትተዋል። ወረቀቱን ካመኑት አንዱ የገዛ አባቴ ናቸው። እታለም ዘንድሮ በርበሬውን ትቼ መርጨት የማይፈልግ ዳጉሳ ልዝራበት ብላ ለምናቸው ነበር፤ እሳቸውም ውጤቱ ይምጣና እናያለን ብለዋት ነበር። ውጤቱ መጣ። አባቴ የሞተ ልጃቸውን መርጫ በእጃቸው አጥበው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ ጉዳት የለውም ተብሏልና አይዞሽ ብለው ለምራታቸው አስረከቧት። እሷም በአማቷ ፊት ምን ትላለች? ይጎዳል የሚል ወረቀት የላትም። ችግኙ ተተክሏል፤ ርጭቱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ደግ አሳዳጊ እንዳሳደገኝ በትሕትና ጽፌያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከትሕትናው ልውጣና እመለሳለሁ። እጸየፋችኋለሁ። ሥጋ ስለበላችሁ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል፣ በዓል ሰውን ያዘናጋል። የምጸየፈው ሴረሙ እንደተበላሸ እያወቃችሁ፣ ምላሱንና ሰንበሩን ከላዩ አንስታችሁ፣ ብልቃጡን ጠራርጋችሁ፣ ከዚያ ውስጥ ለእኛ የሚሆን እውነት አወጣን ማለታችሁን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ፊደል አልቆጠሩም፣ ማቀዝቀዣ አያውቁም፣ ቢነገራቸውም አይገባቸውም ብላችሁ ነው። እነሱ ግን ገብቷቸው ነበር፤ ያልገባው እናንተ ዘንድ ነው።

ወደ ትሕትናዬ ተመልሻለሁ። የምለምንዎት ቀላል ነገር ነው። ካሣ አልጠይቅም፣ ሰው ይቀጣልኝ አልልም፣ ለወንድምአገኝም ክፉ አልመኝም፤ ያን ቀን እውነቱን የነገረን እሱ ብቻ ነው። የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሴረሙን በአያያዝ ስላበላሸነው ርጭቱ ይጎዳ አይጎዳ አናውቅም የሚል። በዚያው ማኅተም ተመትቶ፣ በዚያው ስብሰባ ላይ፣ ሐምሌ ሳይገባ ይነበብልን። አናውቅም በማለቱ ከሥልጣን የወረደ ሹም በአካባቢያችን አልሰማሁም፤ እናውቃለን በተባለ ነገር የተቀበረ ሰው ግን ልቆጥርልዎ እችላለሁ። ያን ወረቀት ይዤ አባቴ ፊት እቀርባለሁ። መርጫውን ከእታለም ጀርባ ላይ የማወርድበት ሌላ ኃይል የለኝም።

የሰኔውን ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ። ሥጋ በማይበላበት በዚህ ሰሞን ማቀዝቀዣው ባዶ እንደሚሆንና ለሳይንስም ትንሽ ቦታ እንደሚተርፍ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበርዎ ይጽና፣ ሻኛዎ አይጉደል፣ ከበታችዎ ያሉትም ቅጹን በትጋት እየሞሉ እስከ ዘመን መለወጫ ያድርሱልዎ።

በክብርዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ በእርስዎ ቃል ምላ በጎረቤቶቿ ፊት ሐሰተኛ የሆነች፣

ሲሳይነሽ ዘሩ
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ የሪፖርትዎን የመጨረሻ ገጽ ሠንጠረዥ ደግሜ ሳነብ፣ ለሦስተኛው ደም ካልቀረቡት ተሳታፊዎች አንዱ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ተመዝግቧል። የብልቃጡ ቁጥር አንድ ነው። ወንድሜ አልጠፋም፣ ክቡር ሆይ። በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው ሥር ነው፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። የሚከታተለው ባለሙያ ሲልኩ ይንገሩኝ፤ መንገዱን አሳየዋለሁ።